ከፎቶው እንውጣ

ስመ ጥር ድምፃዊ ሲያትል በመጣ ቁጥር አዳራሹ በስልክ ብርሃን ይጥለቀለቃል። ከሚነሡት ፎቶዎች በአብዛኞቹ ውስጥ እኛ አለን፤ እጃችንን ትከሻው ላይ ጥለን፣ አንገታችንን አስግገን፣ ጥርሳችንን ገልጠን። ድምፃዊው የምሽታችን ማስረጃ ሆኖ ጥግ ይይዛል። ይህን ፍቅር እንለዋለን። እኔ ቸልተኝነት እለዋለሁ።

ጉዱ የሚታወቀው ሰውየው ሲያርፍ ነው። ለሐዘን መግለጫ የሚሆን አንድ ደኅና ምስል ፍለጋ እንራወጣለን፤ የምናገኘውም ከካሴት ሽፋን የተቀዳ፣ ማን፣ መቼና የት እንዳነሣው ያልተጻፈበት ደብዛዛ ምስል ነው። የነገሥታቱን ፎቶ አንሺዎች፣ የቦያጂያንን ቤተሰብ፣ በስም እናውቃለን። ብዙነሽ በቀለንና ጥላሁን ገሠሠን በወጣትነታቸው ያነሡትንስ ስንቶቻችን በስም እንጠራለን? የዘመናዊ ሙዚቃችንን የፎቶ ታሪክ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2001 በመጽሐፍ ያሳተመው እንኳ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ምስጋናው ለእርሱ፣ እፍረቱ ለእኛ።

«የፖርትሬት ጋለሪ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሀብታሞቹም ሞትን ሲጠብቁ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተው የዋሽንግተኑ ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ፣ ከፕሬዚዳንቶች በቀር፣ ከሞተ 10 ዓመት ያልሞላውን ሰው ወደ ቋሚ ስብስቡ አያስገባም ነበር፤ ደንቡን የሻረው በ2001 ነው። እዚሁ ሲያትል፣ የከተማዋ ልጅ የጂሚ ሄንድሪክስ የነሐስ ሐውልት ብሮድዌይ ላይ የቆመው በ1997፣ ካረፈ ከ27 ዓመት በኋላ ነው። እነርሱ ደንባቸውን አሻሽለዋል። እኛ የምንሽረው ደንብ እንኳ የለንም፤ ያለን ልማድ ብቻ ነው።

ሥራው አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበርና የአንድ ሰዓት ጸጥታ ይፈልጋል። ድምፃዊው ያለ መድረክ መብራት፣ ያለ ማይክ ይቀመጥ፤ ዕድሜውም ድካሙም ይታይ። ፈቃዱ ይጠየቅ፣ ለጊዜውም ይከፈለው። ቀኑ፣ ቦታውና የፎቶ አንሺው ስም አብሮ ይመዝገብ። ምስሉም ሌላው ሊያየው በሚችል የማኅበረሰብ ማዕከል ወይም ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ለቪ.አይ.ፒ. ጠረጴዛ የምናዋጣ ሰዎች ለዚህ አናጣም።

ነገር ሳይርቅ በቅርቡ ነው። የሚቀጥለው እንግዳ ሲመጣ፣ ቢያንስ ለአንዲት ፎቶ፣ ከጎኑ ዞር እንበልለት።