ደረሰኝ መስሎ የሚመጣው አባሪ ፋይል

የሰሊጥ ወይም የቦሎቄ ገዥ ከውጭ ሀገር የሚልከው መልእክት የሚደርሰው በአርሶ አደሩ የእጅ ስልክ ሳይሆን ከተማ በሚገኘው የኅብረት ሥራ ዩኒየን ኮምፒውተር ላይ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚፈጸም አንድ ስህተት ምርቱን አስረክቦ ክፍያ የሚጠብቀውን ሁሉ ሊነካ ይችላል።

ከኢሜይል አባሪዎች መካከል ጥንቃቄ የሚሻው አንዱ የኤች ቲ ኤም ኤል ፋይል ነው። ይህ ፋይል እንደ ፎቶግራፍ ዝም ብሎ የሚታይ ሰነድ አይደለም፤ ድረ ገጽ የሚሠራበት ጽሑፍ ነው። ሲከፈት በብሮውዘር ላይ ይገለጣል፤ በውስጡ ያለው ትዕዛዝም ወዲያው ሥራ ይጀምራል። አጭበርባሪው የታወቀ የኢሜይል መግቢያ የሚመስል ገጽ አዘጋጅቶ ሰነዱን ለማየት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሐሰተኛው ገጽ በፋይሉ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚመጣም አጠራጣሪ ሊንክ የሚፈልገው ማጣሪያ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

ማይክሮሶፍት በነሐሴ 2013 ዓ.ም ይፋ ያደረገው ትንታኔ ለአንድ ዓመት ያህል የተከታተለውን እንዲህ ያለ ዘመቻ ይገልጻል። አባሪው የኤክሴል ደረሰኝ ይመስል ነበር፤ የተንኮሉ ኮድ ከፊሉ የተደበቀውም በሞርስ ምልክት ነው። የጥንቱ ቴሌግራፍ ቋንቋ ለዚህ መዋሉ ያስገርማል።

ዊንዶውስ በተለመደው አቀማመጡ የፋይል ስም መጨረሻን ይደብቃል፤ ስለዚህ ሠራተኛው የሚያየው የኤክሴሉን ስም ብቻ ሊሆን ይችላል። የፋይል ስም መጨረሻ እንዲታይ ማስተካከል የደቂቃ ሥራ ነው። የተከፈተው ገጽ አድራሻ የኮምፒውተሩን የራሱን ፎልደር የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ገጹ የባንክም ሆነ የኢሜይል ድርጅት ድረ ገጽ አይደለም።

ሁሉንም መሰረዝ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ አንዳንድ ተቋማት የተመሰጠረ መልእክት በዚሁ መልክ ይልካሉ። የሚበጀው ፋይሉን ከመክፈት በፊት በመልእክቱ ላይ በተጻፈው ሳይሆን አስቀድሞ በሚታወቅ ቁጥር ለላኪው መደወል ነው።

የይለፍ ቃሉ ከተሰጠ ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ሰርጎ ገቡ ደብዳቤዎችን በድብቅ ወደ ራሱ እንዲተላለፉ አድርጎ ይጠብቃል፤ የክፍያ ጊዜ ሲደርስ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ለውጦ ለገዥው ይልካል። ስለዚህ የይለፍ ቃሉን ወዲያው ከመቀየር ባሻገር የማስተላለፊያ ትዕዛዞችን መፈተሽና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት ያስፈልጋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር በወንጀል ያስጠይቃል፤ ድንበር የተሻገረን ገንዘብ ማስመለስ ግን ሌላ ፈተና ነው።