ውሾቼን ይዤ ልምጣ ብላት እናቴ «ከደጄ እንዳይደርሱ» አለችኝ

እኛ አገር «የቤት መኪና» ሲባል ታክሲም አውቶቡስም ያልሆነ፣ ባለቤቱ ቤተሰቡን የሚያመላልስበት መኪና ማለት ነው። የዛሬዋ ደብዳቤ ጸሐፊ ያላት ግን የቤት መኪና ሳይሆን ቤት የሆነ መኪና ነው። አልጋ አለው፣ ማብሰያ አለው፣ የውሃ በርሜል አለው። ሁለት ትናንሽ ውሾችም አሉበት። ጣጣው የመጣው ከውሾቹ ነው። ደብዳቤዋን አሳጥሬ፣ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቼ እነሆ አቅርቤዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። 22 ዓመት አሜሪካ ከኖርኩ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ለጥቂት ወራት አገሬ ገብቻለሁ። አንድ አሮጌ ሚኒባስ ገዝተን፣ ወንበሩን አስነቅለን፣ አልጋና ማብሰያ አስገጥመን አገራችንን እየዞርን ልናይ ተዘጋጅተናል። ልጅ አልወለድኩም። ከአሜሪካ ይዣቸው የመጣሁ ሁለት ትናንሽ ውሾች አሉኝ፤ ለእኔ ልጆቼ ናቸው። የመጀመሪያው ጉዟችን እማዬ ዘንድ ነው። የምትኖረው ከሐይቅ ከተማ አለፍ ብሎ አምባሰል ውስጥ ነው። ደውዬ ስነግራት በደስታ አለቀሰች። ስለ ውሾቹ ስነግራት ግን ድምፅዋ ተለወጠ። ‹አንቺም ነይ፣ ባልሽም ይምጣ፣ ውሾቹ ግን ከደጄ እንዳይደርሱ› አለችኝ። ተከትበዋል፣ በየሳምንቱ ይታጠባሉ፣ እኔው አልጋ ላይ ነው የሚተኙት ብላት ጭራሽ ባሰባት። ጎረቤቱስ ምን ይለኛል አለች። አንድ ወንድሜ እኔ ሳልወለድ ውሻ ነክሶት ሞተ ይባላል፤ እኔ አልደረስኩበትም፣ እሷም አውርታልኝ አታውቅም። አሁን ባለቤቴ ‹ሳንነግራት ይዘናቸው እንሂድና መኪናው ውስጥ እንቆልፍባቸው› ይላል። እኔ ደግሞ ተናድጄ እነሱን ካልተቀበለች እኔም አልሄድም እያልኩ ነው። እማዬ 78 ዓመቷ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ የደብዳቤሽ ቁም ነገር ያለው አንቺ «ይባላል» ብለሽ ባለፍሽው መስመር ላይ ነው። አንቺ ያልደረስሽበትን እናትሽ ደርሰውበታል። ቀብረውታልም።

መሄጃሽ አምባሰል ነውና ምሳሌውንም ከዚያው ላምጣልሽ። በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጹ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣልያንኛ ሌላ ነገር ይል ስለነበር መጨረሻው ዓድዋ ሆነ። አንቺና እናትሽም «ውሻ» የሚለውን ቃል በሁለት ቋንቋ ነው የምትናገሩት። አንቺ ስትዪው ብርድ ልብስ ውስጥ የሚሸጎጥ፣ ስትገቢ ጭራውን እየቆላ የሚቀበልሽ ፍጡር ነው። እሳቸው ሲሰሙት ግን ልጃቸውን የወሰደባቸው ነገር ነው። እናትሽ አንቺን አልጠሉሽም፤ ውሾችሽንም አልናቁም። ፈርተዋል።

ፍርሃታቸው ደግሞ ባዶ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ዙሪያ በዓመት 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞትበት ይገምታል፤ ወደ ሰው የሚያሻግረውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። ከሟቾቹ መካከል ብዙ ሕፃናት አሉ። በሽታው ከንክሻው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ቁስሉ ድኖ፣ ነገሩ ተረስቶ ሳለ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ልጁ ውሃ እየጠማው ውሃ ይፈራል። ወንድምሽ የሞተው በዚህ ከሆነ እናትሽ ያዩት ይህንን ነው። «በየሳምንቱ ይታጠባሉ» የሚለው መልስሽ ለዚህ መልስ አይሆንም።

ጎረቤት ያሉትንም ነገር አታቃልዪው። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት እንኳ እስላምና ክርስቲያን ዘመድ ሆኖ ይኖራል። በክርስቲያኑ ዘንድ ውሻ ከቤተ ክርስቲያን አይገባም። በእስልምናው ደግሞ ውሻ አፉን ያስገባበት ዕቃ 7 ጊዜ እንዲታጠብ፣ አንዱም በአፈር እንዲሆን ታዟል። ውሻ የሚወደደው ከደጅ ሆኖ ከብትና ቤት ሲጠብቅ ነው። ውሾችሽ እናትሽ ምጣድና ጀበና አጠገብ ሲርመሰመሱ የታዩ እንደሆነ ቡና የሚጠጣው ጎረቤት ምክንያት እየፈጠረ ይቀራል። አንቺ ከሳምንት በኋላ መኪናሽን አስነስተሽ ትሄጃለሽ። እናትሽ ግን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይቀራሉ።

እንግዲህ ወደ ምክሩ ልግባ። የባለቤትሽ ሐሳብ በሁለት ምክንያት አይሆንም። አንደኛ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ምድጃ ይሆናል፤ ውሻ በላብ ሳይሆን በማለክለክ ነው የሚቀዘቅዘው፤ መስኮት ትንሽ ገርበብ ማድረግም አያድነውም። ሐይቅ ደጋ ቀመስ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ሁለተኛ፣ የገጠር ልጅ መኪና ሲያይ ይከባል። ውሾቹ ከውስጥ ይጮኻሉ፤ ነገሩ ከቡና በፊት ይታወቃል። እናት ተደብቆ በመጣ ነገር ከሚያዝኑ ቢቆጡ ይሻላል።

የአንቺም «አልሄድም» አይሆንም። 78 ዓመት የሆናቸው እናት «የሚመጣው ዓመት» አይባሉም።

ስለዚህ መጀመሪያ ደውዪላቸው። ስለ ውሾቹ አትከራከሪ። «እማዬ፣ ስለ ወንድሜ ንገሪኝ» በያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ። ቢያለቅሱም አታቋርጫቸው። ምናልባት 50 ዓመት ያህል የጠየቃቸው የለም።

ስትሄዱም በቀጥታ እናትሽ ደጅ አትቁሙ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ ግቢ ያለው ማረፊያ ፈልጉ። መኪናችሁን የምታሳድሩበትን አስፈቅዳችሁ፣ ሒሳብ ከፍላችሁ ግቡ። ባለቤትሽ ከውሾቹ ጋር እዚያ ይቆይ፤ አንቺ ብቻሽን ሂጂና እናትሽን ሳሚ። ሦስተኛውን ቡና ሳትጠጪ ስለ ውሾቹ አታንሺ። እሳቸው «እስቲ አምጫቸው» ካሉ በማግስቱ በማሰሪያ ታስረው ይምጡ፤ ካላሉም ባልሽ በተራው ይምጣና አንቺ ከውሾቹ ጋር ዋይ። ቢመጡም ደጃፍ አይለፉ። የሚበሉበትንና የሚጠጡበትን ዕቃ ከመኪናሽ ይዘሽ ነይ፤ የእናትሽን ሳህን አይንኩ።

ልጆቹን ተጠንቀቂ። ትንሽ ውሻ ዕድሜው 10 ዓመት ቢሆንም ለገጠር ልጅ ቡችላ ነው፤ ሊያነሳው እጁን ይሰዳል። የፈራ ውሻ ደግሞ ትንሽም ቢሆን ይነክሳል። ያልታደለ ቀን ሆኖ ማንኛውም ውሻ ልጅ ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጠየቅ ነው። የነከሰው ውሻ አይገደልም፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይታያል። ጸበሉም ሆነ የባህል መድኃኒቱ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ሊያዘገይ አይገባም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል።

ለውሾችሽ ደግሞ ትልቁ አደጋ የመንደሩ ጠባቂ ውሻ ነው። የሱን ግማሽ የማያህል ባዕድ ውሻ በግቢው ሲያይ አይምርም፤ አብዛኛው ክትባት አያውቀውም። ውሾችሽ ከተነከሱ ቢከተቡም እንኳ እንደገና መከተብ አለባቸው። ሲመሽ ደግሞ ጅብ አለ። ሌሊት ከመኪናው ውጪ አስረሽ እንዳታሳድሪያቸው።

ስለ መንገዱም ትንሽ ልበል። ከሁሉ በፊት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷልና በየከተማው ያለ ዘመድና ሹፌር ሳትጠይቁ አትነሱ፤ በምሽትም አትንዱ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት ቀን አድርጉት። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆናችሁ በብርድ ትንቀጠቀጣላችሁ። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትወርዱ ሸዋ ሮቢት ቆላው ይቀበላችኋል። ሰው ጃኬቱን ያወልቃል፤ ውሻ ግን ጸጉሩን አያወልቅም። ስለዚህ ቆላውን በጠዋት እለፉት። በየሁለት ሰዓቱ ቆማችሁ ውሃ ስጧቸው። ከመነሳታችሁ ሦስት አራት ሰዓት በፊት ጀምሮ ምግብ አትስጧቸው፤ ጠመዝማዛው ያስመልሳቸዋል። እየነዳችሁ ጭን ላይ አታስቀምጧቸው። ሣጥናቸው ውስጥ ሆነው ሣጥኑ ከመኪናው ጋር ይታሰር፤ ፍሬን ሲያዝ ትንሽ ውሻ እንደ ድንጋይ ነው የሚወረወረው።

ዘመድ ወጥ የነካው እንጀራ ቢጥልላቸው አመስግነሽ አንሺባቸው፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። በግ ከታረደም ጥሬ የሆድ ዕቃ እንዳይቀምሱ። በዚያ የሚመጣው ትል ከውሻው ወደ ሰው ይተላለፋል።

መኪናችሁ መጸዳጃ ካለው ሐይቁ ዳር አትድፉት፤ የውሾቹንም አንሺ። የሐይቅ ውሃ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ባለቤትሽ ሐይቅ እስጢፋኖስን መሳለም ከፈለገ ይሂድ። ከ13ኛው መቶ ዘመን ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጀምሮ ስሙ የታወቀ ገዳም ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ አንቺ አትገቢም። ውሾቹን ይዘሽ ከሩቅ ቆይ።

አንድ ነገር አትርሺ። አሜሪካ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከመሰሉ በሽታው ካለባቸው አገሮች በሚመጡ ውሾች ላይ ደንቡን አጥብቋል። አሜሪካ ውስጥ ለመከተባቸው ከመውጣትሽ በፊት በመንግሥት የጸደቀ የምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ከቆዳቸው ሥር የሚቀበረው መለያ ቁጥርም ያስፈልጋል። ወረቀቱ በእጅሽ መኖሩን ዛሬውኑ አረጋግጪ። ከሌለሽ መመለሻው ብዙ ጣጣ አለው።

በመጨረሻ፣ ለእናትሽ ስጦታ ይዘሽ መሄድሽ አይቀርም። ጋቢና ስኳሩ እንዳለ ሆኖ ሌላ ላመላክትሽ። የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ፈልጊና በእናትሽ መንደር ያሉትን ውሾች ለማስከተብ ምን እንደሚፈጅ ጠይቂ። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉን እንደሚያቆም ሐኪሞች ይናገራሉ። ሁለት ውሾች አልጋሽ ላይ እንደሚተኙ እናትሽ ላይገባቸው ይችላል። በወንድምሽ የደረሰው በጎረቤት ልጅ እንዳይደርስ መምጣትሽ ግን ይገባቸዋል። የውሾቹን ጉዳይ ከዚያ በኋላ እሳቸው ራሳቸው ሊያነሱት ይችላሉ። ባያነሱትም አትቀየሚ።

ምን እንዳሉ ጻፊልኝ። መልካም መንገድ!