የዘገየ ኮምፒዩተር ሁሉ ያረጀ አይደለም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ቤት ኮምፒዩተር አያያዝ ያለኝን አጭር አስተያየት በአንባቢያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ለልጆቹ ትምህርትና ለራሱ ሥራ ብሎ በብዙ ቁጠባ የገዛው ኮምፒዩተር ጥቂት ዓመታት አገልግሎ መዘግየት ሲጀምር፤ «ጊዜው አልፎበታል፤ ሌላ ግዛ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይቀርብለታል። የመዘግየቱን ምክንያት ሳይመረምሩ ገንዘብ ማውጣት ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው። ሐኪምስ ቢሆን በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት ያዛልን?

ለምርመራው ሊቅ መሆን አያሻም። በዊንዶውስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ከሆነ ኮንትሮል፤ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድነት መጫን ይበቃል። ታስክ ማናጀር የሚባለው መስኮት ተከፍቶ ፕሮሰሰሩ፤ ራሙና ዲስኩ ምን ያህል ሥራ እንደበዛባቸው በመቶኛ ያሳያል። ኮምፒዩተሩ በዘገየበት ሰዓት ከሦስቱ ወደ 100 የተጠጋው የትኛው እንደሆነ የተመለከተ ሰው፤ የሕመሙን ቦታ ለማወቅ ተቃርቧል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ወጪ ከማይጠይቀው መጀመር ይገባል። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ሳይጠሩ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች በዚሁ መስኮት ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ ጸረ ቫይረሱን ሳይነኩ የማይፈለጉትን ማገድ ነው። በአንድ ጊዜ የሚከፈቱትን የኢንተርኔት ገጾች መቀነስ፤ እስከ አፍ ገደፉ የሞላውን ዲስክም ማቃለል ይጠቅማል። የአየር መውጫው በአቧራ የታፈነ ኮምፒዩተር ይግላል፤ ሲግልም ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ አቧራውን ማጽዳት፤ ላፕቶፕንም በአልጋ ልብስ ላይ አለማሠራት ነው። «በአንድ ጊዜ እናፋጥናለን» እያሉ በኢንተርኔት የሚቀርቡ ፕሮግራሞች ግን ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ሸክም ስለሚሆኑ መራቅ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ችግሩ ከዲስኩ ከሆነ፤ ያን ጊዜ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው። በቆዩት ኮምፒዩተሮች የሚገኘው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ እየተሽከረከረ፤ ፋይሉን በሚንቀሳቀስ ክንድ እየፈለገ የሚያነብ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው የተፈለገውን ወዲያው ያገኛል። ፋይሎችን አስቀድሞ በሌላ ቦታ ገልብጦ ይህን አንድ ዕቃ መለወጥ፤ አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛት የሚያድንበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥበቱ የራም ከሆነም፤ ኮምፒዩተሩ የሚቀበል እስከሆነ ድረስ መጨመር ይቻላል።

ነገር ግን ፍጥነት ብቻውን አይበቃም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በኮምፒዩተሩ የባንክ ጉዳይ የሚፈጽም ሰው ይህን ቸል ሊለው አይገባም። ዊንዶውስ 11ን ለመቀበል የማይችል ኮምፒዩተር ቢሆንም እንኳ፤ ያለ ክፍያ የሚገኘውን ሊኑክስን ጭኖ ለጽሑፍና ለትምህርት ሊያገለግል ይችላል።

በመጨረሻ ለጥገና ባለሙያዎች አንድ ቃል አለኝ። ያገኙትን ብልሽትና የለወጡትን ዕቃ በደረሰኝ ላይ ቢጽፉ፤ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ቢመልሱ፤ ሙያቸው ይከበራል እንጂ አይጎዳም። በተለይ አሮጌው ዲስክ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍና የግል ሰነድ ያለበት ስለሆነ በማንም እጅ መቅረት የለበትም። ባለቤቱም ይህን መጠየቅ መብቱ መሆኑን ይወቅ። ዕቃን ጠብቆ ዕድሜውን ማራዘም የአስተዋይ እንጂ የንፉግ ሥራ አይደለም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ
ከአዲስ አበባ