ያልተመዘገበ ለውጥ የሚያስከትለው አደጋ፦ የበረራ ቁጥር 302 እና የአውሮፕላን ዲዛይን መስፈርቶች

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ የ157 ሰዎች ሕይወት ማለፉ ይታወሳል። ከዚያ በፊት አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን ጃቫ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም አደጋዎች ከአንድ ሴንሰር የመጣ የተሳሳተ ንባብ፣ ኤምካስ የተሰኘውንና የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋውን ሶፍትዌር ደጋግሞ ቀስቅሶታል።

በአውሮፕላን ሥራ እያንዳንዱ መስፈርት ከዲዛይን እስከ ሙከራና ምርት ድረስ በሰነድ ክትትል ይደረግበታል፤ አንዱ ሲለወጥ በእርሱ ላይ የተመሠረተው ሁሉ እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል። በኤምካስ ላይ የላላው ይህ ሰንሰለት ነው። ሥርዓቱ መጀመሪያ ሲነደፍ የጭራውን አግድም ክንፍ በአንድ ጊዜ እስከ 0.6 ዲግሪ ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በሙከራ በረራ ወቅት በዝቅተኛ ፍጥነትም እንዲሠራ ተወስኖ መጠኑ ወደ 2.5 ዲግሪ፣ ማለትም ከአራት እጥፍ በላይ ከፍ አለ። ለተቆጣጣሪው የቀረበው የደህንነት ትንተና ግን ከለውጡ ጋር እኩል አልተራመደም።

ሌላውም ጉድለት ከዚሁ ወገን ነው። ሁለቱ ሴንሰሮች የተለያየ ንባብ ሲሰጡ አብራሪውን የሚያስጠነቅቀው ምልክት በሁሉም ማክስ አውሮፕላኖች ላይ እንዲሠራ በመስፈርቱ ሰፍሮ ሳለ፣ የተሠራው ሶፍትዌር ምልክቱን የሚያሳየው ተጨማሪ አማራጭ መሣሪያ በተገዛባቸው ላይ ብቻ ነበር። ቦይንግ ይህን እ.ኤ.አ. በ2017 ቢደርስበትም ለአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ያሳወቀው ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወይም ከአንኮበር መጥቶ ቦሌ ላይ የሚሳፈር መንገደኛ እነዚህን ሰነዶች አገላብጦ ሊያይ አይችልም፤ በእርሱ ፈንታ የሚያየው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከማረጋገጫው ሥራ ብዙው ለአምራቹ ለራሱ ሠራተኞች በውክልና መሰጠቱ ከአደጋዎቹ በኋላ ብርቱ ክርክር ያስነሣውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ክርክሩም ተገቢ ነበር።

ኤምካስ የሁለቱን ሴንሰሮች ንባብ እንዲያነጻጽርና ደጋግሞ እንዳይሠራ ተደርጎ ከተስተካከለ በኋላ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ማክስ አውሮፕላኖቹን ወደ በረራ መልሷል።