ካሜራውን አጥፉና ነጠላ አልብሷት

በየጸበሉ ቦታና በየጉባኤው የሚጮኹ ሕሙማንን ለምትቀርጹ፣ ለምታስቀርጹ፣ ለምትፈቅዱና ለምትመለከቱ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፤

የምጽፍላችሁ ከብስራተ ገብርኤል፣ ከሳር ቤትም ከመካኒሳም ከማይርቀው ሰፈራችን ነው። በታክሲ ውስጥ፣ ቡና በሚፈላበት ቤት፣ ልጆች የቤት ሥራ በሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ ስልክ ሲከፈት ደጋግሞ የሚወጣ አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። ጸጉሯ የተበተነ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ የወደቀ፣ ልብሷ በጸበል ርሶ ገላዋ ላይ የተጣበቀ ልጅ ትጮኻለች፤ ትንፈራገጣለች። ከበላይዋ መስቀልና መቁጠሪያ የያዘ እጅ ይታያል። ማይክ ወደ አፏ ይጠጋል። «ማነህ? በምን ያዝሃት? ማን ላከህ?» ይባላል። ስትመልስ ካሜራው ቀረብ ብሎ ፊቷን ያሳያል። በመጨረሻም ሰብስክራይብ እንድናደርግና ደወሏን እንድንጫን እንለመናለን።

ስለዚህች ልጅ ልለምናችሁ ነው ብዕር ያነሣሁት።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሰይጣን የለም ብዬ አልጽፍም። ክርስትና ስንነሣ ያነሡን ሰዎች ስለ እኛ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ መልሰው ሰይጣንን ክደዋል፤ ወደ ምሥራቅ ዞረውም አምላካቸውን አምነዋል። እኔም የዚያ ክህደትና የዚያ እምነት ልጅ ነኝ። ጸበል እንደሚፈውስ አምናለሁ። ሌሊት ተነሥተው፣ በብርድ ቆመው፣ ምንም ሳይከፈላቸው ሕመምተኛ የሚደግፉና የሚያጠምቁ ካህናት እንዳሉም አውቃለሁ፤ እጃቸውን እስማለሁ። ይህ ደብዳቤ እነሱን አይነካም። የሚመለከተው በሕመምተኛዋና በእግዚአብሔር መካከል ካሜራ የገባበትን ቦታ ነው።

ወንጌሉን አብረን እንክፈተው። በቅፍርናሆም ምኩራብ ርኩስ መንፈስ የያዘው ሰው በጮኸ ጊዜ ጌታ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር መንፈሱን ዝም ማሰኘት ነው። በዚያው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1፣ ማታ ብዙ ሕሙማን ሲመጡለትም አጋንንቱ እንዳይናገሩ ከልክሏቸዋል። የሚናገሩት ውሸት ስለሆነ አልነበረም፤ ማንነቱን ያውቁ ነበር። እውነት እንኳ ቢሆን ከእነሱ አፍ እንዲሰማ አልወደደም። በምዕራፍ 9 ያ ልጅ መሬት ላይ ወድቆ አረፋ ሲደፍቅ፣ ጌታ ሕዝቡ እየሮጠ ሲሰበሰብ ባየ ጊዜ መንፈሱን ገሠጸው። ሕዝቡ ግቢውን እስኪሞላ አልጠበቀም። በምዕራፍ 8 የቤተ ሳይዳውን ዕውር እጁን ይዞ ከመንደር ወደ ውጭ አወጣው፤ ከፈወሰውም በኋላ ወደ መንደሩ እንዳይገባ አዘዘው። የኢያኢሮስን ልጅ ሲያስነሣም የሚያለቅሰውንና የሚንጫጫውን ሁሉ አስወጥቶ አባቷን፣ እናቷንና ሦስት ደቀ መዛሙርትን ብቻ አስቀረ።

ልማዱ ይህ ነበር፤ የታመመን ሰው ከሕዝብ ዓይን ይከልለዋል። እናንተ ዘንድ የተለመደው ግን ሰው እስኪሰበሰብ መጠበቅ፣ መንፈሱ እንዲለፈልፍ መጎትጎት፣ የለፈለፈውንም ለዓለም መበተን ነው። የጌታን ሥራ በስሙ እየሠራችሁ፣ እሱ ያደረገውን ሁሉ ገልብጣችሁ የምታደርጉት ለምንድን ነው?

«ምስክርነት ነው፤ እግዚአብሔር ይከበርበታል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ይህ ሙግት ቀላል ስላልሆነ በአጭሩ ላልፈው አልፈልግም። ሌጌዎን የነበረበት የጌርጌሴኖን ሰው ከዳነ በኋላ ወደ ቤቱ ሄዶ የተደረገለትን እንዲናገር ጌታ ራሱ ልኮታል፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ተጽፏል። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ሰውዬው በመቃብር ሥፍራ ራቁቱን ሲኖር ማንም አላስመሰከረውም። የከተማው ሰዎች ሲመጡ ያገኙት ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት፣ በጌታ እግር ሥር ተቀምጦ ነው። ከዚያ በኋላ፣ በገዛ አፉ፣ ወዶና ፈቅዶ፣ ለሚያውቁት ሰዎች ተናገረ። ልብሱን ማን እንደሰጠው ወንጌሉ አይነግረንም። በዚያ ከቆሙት አንዱ የራሱን አውልቆ ያለበሰው ይመስለኛል፤ ስለዚያ ሰው ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ከእናንተ መካከል የሚያስፈልገው እንደ እሱ ያለ ነው።

ልጅቷ ስትድንስ ምን ይጠብቃታል? ወደ ትምህርት ቤቷ ትመለሳለች፤ ክፍሉ ሁሉ አይቷታል። ሥራ ልትቀጠር ትሄዳለች፤ ቀጣሪው አይቷታል። ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ ከመላኩ በፊት ስሟን ጽፎ ይፈልጋል። እግዚአብሔር የሰወረላትን ሕመም እናንተ በየቀኑ ትከፍቱባታላችሁ። ስትወድቅ ፈቃድ መስጠት አትችልም ነበር፤ ስትነሣም ማንም አልጠየቃትም። «እናቷ ፈቅዳለች» አትበሉኝ። ልጇ መሬት ላይ ስትንከባለል፣ ጨርቋን ጥላ የምታለቅስ እናት ልጇን ያድኑልኛል ያለቻቸው ሰዎች የጠየቋትን ሁሉ ትፈቅዳለች። እንዲህ ያለውን እሺታ ፈቃድ ብሎ መያዝ ግፍ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 በፊልጵስዩስ ከተማ የምዋርት መንፈስ የነበረባት አንዲት አገልጋይ ልጅ አለች። ጌቶቿ በእሷ ብዙ ትርፍ ያገኙ ነበር። ጳውሎስ መንፈሱን ካስወጣው በኋላ የሆነውን አስተውሉ። ከጌቶቿ መካከል ልጅቷ ነፃ ወጣች ብሎ ደስ ያለው የለም። የትርፋቸው ተስፋ እንደወጣ አይተው ጳውሎስንና ሲላስን ጎትተው ወደ ገበያ ወሰዷቸው፤ ተገረፉ፣ ታሰሩ። ልጅቷ በመንፈስ ተይዛ ነበር፤ ከእሷ ይልቅ ግን ጌቶቿ የታወሩ ናቸው። ፊታቸው የቆመችውን ሰው ማየት አልቻሉም፤ ያዩት ገቢዋን ብቻ ነው። ሐዋርያው በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 4 የዚህ ዓለም አምላክ የሰዎችን አሳብ አሳወረ ሲል እንዲህ ያለውን ዕውርነትም የሚጨምር ይመስለኛል። ዲያብሎስ በልጅቷ ላይ ያለው ኃይል በአንድ ቃል ተገሥጾ ወጣ። በጌቶቿ ልብ የነበረው ግን ማንም ስላልገሠጸው ገበያ መካከል ቆሞ ከሰሰ።

ዩቲዩብ አንድን ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ከሚጠይቃቸው መስፈርቶች መካከል 1,000 ተከታይና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የታየ ሰዓት ይገኙበታል። ሰዓቱ የሚሞላው ሰው ቪዲዮውን ሳይዘጋ ሲቆይ ነው፤ ሰው የሚቆየውም ጩኸቱ ሲረዝም ነው። እንግዲህ መንፈሱ ቶሎ ቢወጣ የሚጎድልበት ሰው በጸበሉ ቦታ ቆሟል ማለት ነው። ይህን በእርጋታ አስቡት። አንድ ቀን ሃምሳ ሕሙማን በጸጥታ ቢድኑና አንድም ነገር ሳይቀረጽ ቢመሽ፣ ደስ ብሏችሁ ወደ ቤታችሁ ትገባላችሁ? መልሱን ለእኔ አትንገሩኝ፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

የምታጠምቁ አባቶችና ወንድሞች ደግሞ የሰፈራችንን በዓል ምክንያት አድርጌ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የመልአኩ የገብርኤል ብሥራት በመጋቢት 29 ቢታሰብም ቀኑ በዐቢይ ጾም ስለሚውል ታኅሣሥ 22፣ ከልደት አንድ ሳምንት ቀድሞ በድምቀት ይከበራል። ይህን ሥርዓት የሠራው የጥልጥልያው ኤጲስ ቆጶስ ደቅስዮስ እንደሆነ ስንክሳሩ ይነግረናል። በተአምረ ማርያም መጀመሪያ እንደምትሰሙት እመቤታችን ለደቅስዮስ ልብስና ወንበር ሰጠችው፤ ከእሱ በቀር ማንም እንዳይለብሰው፣ ማንም እንዳይቀመጥበት ተነገረ። እሱ ካረፈ በኋላ የተሾመው ኤጲስ ቆጶስ ግን እኔስ ከእሱ በምን አንሳለሁ ብሎ ልብሱን ለበሰ፣ በወንበሩም ተቀመጠ። ወድቆ ሞተ።

ያ ሰው የተመኘው መጠጥ ቤት ወይም ጭፈራ አልነበረም። ቅዱስ የሆነ ነገር ነው የተመኘው፤ ለሌላው የተሰጠውን ክብር ለራሱ ፈለገ። የዓለም ምኞት መቅደስ ውስጥም ነጭ ልብስ ለብሶ ይገባል። የተላኩት ደቀ መዛሙርት አጋንንት ተገዙልን ብለው ደስ ብሏቸው ሲመለሱ፣ ጌታ በዚህ ደስ እንዳይላቸው ነግሯቸዋል። ፎቶግራፋችሁ በባነር ላይ፣ ስማችሁ በቪዲዮው ርእስ ላይ፣ የአጋንንቱም «አቃጠልከኝ» የሚል ጩኸት ከሥሩ ሲቀመጥ፣ ሰይጣን እያመሰገናችሁ እንደሆነ አልታያችሁም? የእሱን ምስጋና ጌታችን አልተቀበለም፤ ጳውሎስም በፊልጵስዩስ አልተቀበለም።

በሰይጣን ቃል መታመናችሁ ደግሞ ቤት ያፈርሳል። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የሐሰት አባት ያለውን «ማን ላከህ?» ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ። እሱም «አክስቷ»፣ «የባሏ እናት»፣ «ጎረቤቷ አስደግማባት» ይላል። አንዲት አሮጊት ባልዋለችበት ተከስሳ፣ ሳትጠየቅ ተፈርዶባት፣ ከዘመድ ለቅሶና ከዕድር ትገለላለች። እኅትማማቾች በዚህ ምክንያት ሰላምታ አቁመዋል። በፍርድ ቤት ቢሆን ውሸታምነቱ የታወቀ ምስክር አይሰማም ነበር። ካህን ሆይ፣ ከመቅደስ አጠገብ ቆመህ እንዴት አመንኸው?

ሁሉም ሕመም መንፈስ እንዳልሆነም ታውቃላችሁ። የሚጥል በሽታ በርካሽ ኪኒን ይታገሣል፤ እኛ ግን ዛሬም ክብሪት ጭረን እናሸታለን። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበረ፣ ከሩቅ አገር ለሚመጣ ሰው ከሐኪም ይልቅ ጸበል ቅርብ ነበር፤ ወደ ጸበል በመሄዱ ሊወቀስ አይገባም። የሚወቀሰው መድኃኒቱን የሚያስጥለው ነው። እስከ 2004 ዓ.ም. በመንበሩ የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ፣ ሰዎች ለጸበል ብለው የኤችአይቪ መድኃኒት በሚያቋርጡበት ጊዜ፣ ሁለቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ አስተምረዋል። ትምህርቱ ለስኳሩም፣ ለሚጥለውም፣ ለአእምሮ ሕመሙም ይሠራል። መድኃኒት አስጥላችሁ ሰው ቢሞትባችሁ ካሜራው የዚያን ቀን አይቀርጽም።

ሕግም አለ፤ ብዙ አልልበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየትን ይከለክላል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ግላዊ ሕይወትን ይጠብቃል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። እናንተን ግን በሕግ ማስፈራራት አልፈልግም፤ ሕግ ሳይደርስ ሕሊና ሊደርስ ይገባል።

በአዳራሽና በመድረክ «ነቢይ» ተብላችሁ ይህንኑ ለምትሠሩ የወንጌል አማኞች ወገኖቼም የምለው ሌላ አይደለም። ማይካችሁ ቢያምርም፣ መብራታችሁ ቢበዛም፣ መሬት ላይ የወደቀችው ልጅ ያችው ናት።

እኛ ተመልካቾችም አለንበት። ቡና እየጠጣን፣ «ወይኔ ጉድ» እያልን፣ ለእኅታችን የምንልክላት እኛ ነን። የዓይን አምሮት ከዓለም እንጂ ከአብ እንዳይደለ ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ ጽፎልናል፤ የሌላ ሰው ሥቃይ እያዩ መዋል ከዚያ የተለየ አይደለም።

የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ አስተዳዳሪዎች፣ ጸበሉ በእናንተ አጥር ውስጥ ነው። በር ላይ ጫማ እንደምታስወልቁ ስልክም አስቀምጡ። ሕመምተኛ ሲወድቅ የሚጋርድ ሰውና ንጹሕ ነጠላ በአጠገቡ ይኑር። በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ኪኒን እንዳይጣል በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። አጥማቂው መንፈሱን ስም እንዳይጠይቅ ንገሩት። ይህ ሁሉ በጀት አይጠይቅም።

እናንተ ቪዲዮውን የያዛችሁ ደግሞ፣ እስከ ዛሬ የጫናችሁትን አንሡ። ከማንሣታችሁ በፊት ልጅቷን ወይም ቤተሰቧን ፈልጉና ይቅርታ ጠይቁ፤ በእሷ ያገኛችሁት ገንዘብ ካለም ለእሷ ስጡ። ታኅሣሥ 22ን አትጠብቁ። ዛሬ አድርጉት።

አክባሪያችሁ፣
ከብስራተ ገብርኤል አንድ ምእመን