ብርሃን በሰከንድ 324 ሜትር

ብርሃን በሰከንድ 324 ሜትር ይጓዛል። ድምፅ ደግሞ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ ክረምት ላይ የዳሞት ሰማይ ሲያጉረመርም መጀመሪያ ነጎድጓዱ ይሰማል፣ ብልጭታው ኋላ ይደርሳል ማለት ነው። የአቮጋድሮ ቁጥርም 6158 ናት፤ አንድ ሞል ውሃ በአጉሊ መነጽርም አይገኝ። ጉድ በል ጎጃም!

ይህን ፊዚክስ እኛ አልፈጠርነውም። ከቴሌግራም ቻናል ወደ ቻናል እየተገለበጡ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያሉ ተማሪዎች ስልክ ላይ የሚያርፉት «ሾርት ኖቶች» ያመጡት ነው። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 3×10⁸ ሜትር ነው። ጽሑፉ ከወርድ ወይም ከድረ ገጽ ኮፒ ተደርጎ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ፣ ከላይ የተቀመጠችው ትንሿ 8 ትወርድና 3×108 ይሆናል። አባዙት፣ 324 ነው። 6.02×10²³ም በዚያው መንገድ 6.02×1023 ሆኖ ይቀራል። ወርድ ላይ 8ቷን ከፍ አድርጎ የያዛት እንደ ደማቅ ጽሑፍ ያለ የቅርጽ ትእዛዝ እንጂ ሌላ አይደለም፤ ጽሑፉ ተራ ጽሑፍ ሲሆን ቅርጹ ይራገፋል።

እኛን ያናደደን መበላሸቱ ብቻ አይደለም፤ የተበላሸ አለመምሰሉ ነው። ባዶ ሳጥን ያየ ተማሪ ቢያንስ «እዚህ ጋ የጎደለ ነገር አለ» ይላል። 3×108 ግን ምንም አይናገርም። ንጹሕ፣ ደህና ቁጥር ይመስላል። ልጁ ያባዛል፣ መልሱ ምርጫው ውስጥ የለም፣ «ፊዚክስ አይገባኝም» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል።

ድረ ገጾቹስ? ብዙዎቹ ላይ የተቀመጠው ቀመር ሳይሆን ቀመር እንዲሣል የሚያዝ ኮድ ነው፤ የዶላር ምልክት፣ ወደ ኋላ ያዘመመ ሰረዝ፣ ቅንፍ። ያንን ኮድ ወደ ቀመር የሚለውጠው ማትጃክስ የሚባለው ስክሪፕት አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ነው የሚመጣው። ፓኬጁ መሀል ላይ ካለቀ፣ ወይም ተማሪው ገጹን ፎቶ ኮፒ ቤት አስጭኖ ቤቱ ሄዶ ያለ ኢንተርኔት ከከፈተው፣ ስክሪፕቱ አይመጣም፤ ዶላሩና ሰረዙ እንደተዘረገፈ ይቀራል። ኦፔራ ሚኒ ዳታ ለመቆጠብ ገጹን ሌላ ቦታ አዘጋጅቶ ሲልክም ስክሪፕቶችን እንደ ልባቸው አያሠራቸውም። (ዳታ የሚቆጥበው ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።)

ብሮውዘሩ ያለ ማንም እርዳታ ቀመር የሚያሳይበት መንገድም አለ። ማትኤምኤል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የድር ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። ፋየርፎክስ ለረጅም ዓመታት ሲያሳየው፣ ክሮም በ2013 አንዴ አስገብቶት ወዲያው አወጣውና እስከ ጥር 2023 ድረስ፣ እስከ ቁጥር 109 ማለት ነው፣ ሳይመልሰው ቆየ። ከዚያ በፊት ያለ ክሮም ላይ 1 ላይ፣ 2 ታች ተደርጎ የተጻፈ ክፍልፋይ «12» ሆኖ ይወጣል። ግማሽ ተነሥቶ አሥራ ሁለት ሆነ። ዊንዶውስ 7 የሚቀበለው የመጨረሻው ክሮም ራሱ 109 ነው፤ ስለዚህ የድሮ ኮምፒዩተር ያላችሁ ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዴ ብታድሱት ለጥቂት ደርሳችኋል። የድሮ አንድሮይድ የያዘ ስልክ ግን 109 ላይ የማይደርስ ሞልቷል።

ይህን ስናነሣ የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፦ «የኔትወርክ ችግር ነው።» የኔትወርክን ችግርማ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ ከርሟል። ግን ኔትወርክ የሌለበት ገጽ አይከፈትም፤ አይዋሽም። ደርሶ፣ ተከፍቶ፣ ግማሽን አሥራ ሁለት ያለ ገጽ የሠሪው ጥፋት ነው። የተዘጋ ኢንተርኔት ባለበት አገር ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የማይነበብ የሒሳብ ገጽ መሥራት ምን ይባላል?

ሁለተኛው መልስ የባሰ ነው፦ «ጎበዝ ተማሪ ብርሃን 324 ሜትር እንደማይሄድ ያውቃል።» አዎ፣ መምህር ያለው ያውቃል። በግጭቱ ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በከረሙበት ክልል፣ ጃቢ ጠህናን ገጠር ያለችው ልጅ መምህሯ ስልኩ ከሆነ ማን ያርማታል? በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። እሷም ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር እኩል ትፈተናለች፤ የተዘጋጀችው ግን በ3×108 ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር አገራችን አታውቀውም እንዳይባል፣ የግእዝ ፊደልም በዚህ አልፏል። አንዱ በአንድ ድርጅት ፎንት የጻፈው ሌላው ኮምፒዩተር ላይ የማይነበብ የላቲን ዝባዝንኬ ይሆን ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ፣ በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላን ይዞ መጣ፣ ነገሩም ቀስ በቀስ ተስተካከለ። ያኔ «ጎበዝ አንባቢ ዝባዝንኬውን ይረዳዋል» ያለ ሰው አልሰማንም።

መፍትሔው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ቻናል የምታስተዳድሩ ሆይ፣ ኮፒ ፔስት ተዉ፤ ፎንቱን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ ላኩ። በተራ ጽሑፍ መጻፍ ግድ ከሆነ 10^8 ብላችሁ ጻፉ፤ አያምርም፣ ግን አይዋሽም። ድረ ገጽ የምትሠሩ ደግሞ ቀመሩን የተማሪው ስልክ እንዲሥለው አትጠብቁ። ካቴክ የሚባለው መሣሪያ ሰርቨሩ ላይ አስቀድሞ ያዘጋጅላችኋል፤ በነጻ። ስክሪፕቱንም ፎንቱንም ከራሳችሁ ቤት አስቀምጡ።

ቢሮ ያለው ባለ ዋይፋይ ላፕቶፕ ላይ አይታችሁ «ይሠራል» አትበሉን። አምስት ዓመት የሆነው ርካሽ ቴክኖ ወይም አይቴል ተዋሱ፣ ገጹን ክፈቱ፣ ዳታውን አጥፉና እንደገና ክፈቱት። ከዚያ የብርሃንን ፍጥነት ፈልጉና 8ቷ ላይ ናት ታች፣ ኮሜንት ላይ ንገሩን።