ጤፋችንን የሚጠይቀው ማን ነው?



በገበሬ ቤት ማረሻም ማጭድም መንሽም አይጠፋም። ሆኖም ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነሣም፤ በሐምሌ ማረሻ፣ በኅዳር ማጭድ፣ በጥር መንሽ ነው። ጤፍም እንደዚሁ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋሱ ውስጥ ዘረ መሎቹ፣ ማለት ጂኖቹ፣ ሁሉ ይገኛሉ፤ ነገር ግን ውሃ ሲጠማው አንዳንዶቹ፣ ውሃ ሲተኛበት ሌሎቹ ለሥራ ይነሣሉ። የተነሣውም ዘረ መል አር ኤን ኤ የሚባል መልእክት ያወጣል።

የብዙ ዘረ መሎችን መልእክት ባንድነት የሚለካው ማይክሮአሬይ የሚባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተገለጠ። በትንሽ መስተዋት ላይ የታወቁ ዘረ መሎች ቅጂ በነጠብጣብ ይደረደራል። ከሁለት ተክሎች የተወሰደው መልእክት ተገልብጦ፣ በሁለት ልዩ ልዩ ቀለም ተለይቶ ይፈስበታል፤ እያንዳንዱም ከመሰሉ ጋራ ይጣበቃል። የቀለሙም ድምቀት የትኛው ዘረ መል በየትኛው ተክል እንደ በረታ ያስታውቃል።

እንግዲህ መስተዋቱ የሚመልሰው ለተጠየቀው ብቻ ነው፤ ነጠብጣብ ያልተቀመጠለት ዘረ መል ቢሠራም አይታይም። በዚያ በመጀመሪያው ሥራ የተጠየቁት 45 ዘረ መሎች አራቢዶፕሲስ ከሚባል፣ ማንም ለምግብ ከማይዘራው የጎመን ዘመድ ነበሩ። የጤፍ የዘር መዝገብ ረቂቅ ግን የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ይኸውም በስዊዘርላንድ በበርን ዩኒቨርሲቲ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ዘሪሁን ታደለና ባልደረቦቻቸው በደከሙበት ሥራ ነው። እነርሱው እ.ኤ.አ. በ2018 ውሃ የተኛበት ጤፍ ዘረ መሎች እንዴት እንደሚሠሩ ጽፈዋል።

ዛሬ በአብዛኛው መስተዋቱን ተክቶ መልእክቱን ሁሉ ፊደል በፊደል የሚያነብ መሣሪያ አለ። ታዲያ ጥያቄው አበቃን? አላበቃም እላለሁ። የትኛው ጤፍ፣ በየትኛው አፈር፣ በየትኛው ወር ይመርመር የሚለውን የሚመርጠው ሰው ነውና። በርብ ወንዝ አካባቢ ዋልካ መሬት ክረምት ውሃ ሲተኛበት የትኛው ዘር እንደሚቆም የሚያውቀው ደግሞ የይፋግ ገበሬ ነው።

አንዳንዶቻችን «ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው» ብለን ባዮሎጂን ለፈተና ብቻ እናጠናለን። እኔ ይህን አልቀበልም። ወላጆቻችን የየዘሩን ስምና ጠባይ ይንገሩን፤ እኛም በደብተር እንመዝግብ፤ መምህራንም ያርሙን። ዕውቀቱ ሳይጻፍ ከአባቶቻችን ጋራ ከሄደ፣ ከቶ የትኛውም መሣሪያ አያነበውምና።